የምትመጣዋ ልጅ

ዘጠኝ ዓመቴ ላይ ከሳምንት በላይ የአንዲት የማላውቃት ልጅ ልክ ሆኜ ሰነበትኩ። ዩኒፎርሟ በእኔ ላይ ተለካ፤ አልጋዋ በእኔ ቁመት ተሠራ። ኩራቴ ለጉድ ነበር። ሰው በእውቀቱ ይፈለጋል፣ በጉልበቱ ይፈለጋል፤ እኔ በቁመቴ ተፈለግሁ እያልኩ ሰፈሩን ሁሉ በአፌ አዳረስኩት።

ነገሩ እንዲህ ነው። የቤተ ክርስቲያናችን ሰዎች በዓመት አንድ ጊዜ የተልእኮ ጉዞ ይወጣሉ። በዚያ ዓመት የሄድነው ሙሉ ቀን በአውቶቡስ ተጉዘን ወደደረስንባት ትንሽ ከተማ ነበር። ጣሪያውን ነፋስ ለወሰደበት ትምህርት ቤት ጣሪያ ልናለብስለትና አዲስ ዴስኮች ልንሠራለት ነው። አሥራ ስድስት ሰዎች ነበርን፤ አሥራ አምስቱ አዋቂዎች፣ አሥራ ስድስተኛዋ እኔ። እናቴ በቀደመው ዓመት ሞታለች፤ አናጢው አባቴ ደግሞ እኔን ጥሎ የሚሄድበት ቤት ስላልነበረው ይዞኝ መጣ። እኔ ግን ነገሩን እንዲህ አልተረዳሁትም። እግዚአብሔር አሥራ አምስት ሰው መርጦ አንድ ሲጎድለው እኔን የጨመረኝ ነበር የመሰለኝ።

ሥራም ነበረኝ። አባዬ አንድ ዴስክ በጨረሰ ቁጥር «ነይ እስቲ ቁጭ በዪ» ይለኛል። እቀመጣለሁ። እግሬ መሬት ከነካ፣ ክርኔም ጠረጴዛው ላይ ደህና አድርጎ ካረፈ «አለፈ!» ብዬ እጮኻለሁ። ካልሆነ «ወደቀ!» እላለሁ፤ ጣሪያው ላይ ያሉት ሰዎች መዶሻቸውን አቁመው ይስቃሉ፤ አባዬም እየሳቀ እግሩን ይቆርጥለታል። ሠላሳ ስምንት ዴስክ ፈትኜ ስድስት ጥያለሁ። ከዚያ ወዲህ እንዲህ የተከበርኩበት ሥራ ይዤ አላውቅም።

ወንዶቹ የሚያድሩት አንደኛው ክፍል ውስጥ ነበር፤ ሴቶቹ ጤና ጣቢያው አዳራሽ። እኔን ግን የቡድናችን መሪ መጋቢው «ለልጅ አዳራሽ አይመችም» ብለው አንዲት ልብስ ሰፊ ቤት አሳደሩኝ። የሰፈሩ ልጆች ሁሉ እትዬ ይሏታል፤ እኔም እትዬ አልኳት። አርባ ዓመት ገደማ የሚሆናት፣ ረዘም ያለች፣ ዝምተኛ ሴት ናት። ባል የላትም፤ ልጅ የላትም። ከፊት ያለው ክፍል ሱቋ ነው፤ የስፌት መኪናዋ መስኮቱ ሥር ተቀምጣለች፤ ከኋላ ሁለት ትንንሽ ክፍሎች አሉ። አንደኛው ባዶ ነበር። ቤቱ በሙሉ የመኪና ዘይትና የአዲስ ጨርቅ ሽታ ይሸታል፤ እስከ ዛሬ አንድ የጨርቅ መደብር በር ላይ ሳልፍ እግሬ ራሱ ይቆማል።

ጎረቤቷ የምትኖር አንዲት እኩያዬ ነበረች። ሁለቱ የፊት ጥርሶቿ መሃል ክፍተት ስላለ ፍንጭት ይሏታል፤ እሷም በዚያ ክፍተት ታፏጭበታለች። ፉጨቷ ሁለት መንገድ ተሻግሮ ይሰማል። በመጀመሪያው ቀን ተጣላን፣ በሁለተኛው ታረቅን፣ በሦስተኛው ደግሞ እኔን ለመፈለግ የወጣ ሰው እሷን፣ እሷን ለመፈለግ የወጣ እኔን ያገኝ ጀመር።

በአምስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ እትዬ መኪናዋን አቆመችና ከላይ እስከ ታች አየችኝ።

«አንድ ነገር ልለምንሽ፣ የኔ ልጅ?»

«ምን?»

«የእህቴ ልጅ እኔ ጋ ልትኖር ትመጣለች። እዚሁ ትምህርት ቤት ነው የምትገባው። ዩኒፎርም ልሰፋላት ፈልጌ ልኳ የለኝም። አንቺን ነው የምታክለው።»

«በደንብ ታክለኛለች?»

«ቁርጥ አንቺን።»

ዱካ ላይ ወጥቼ ክንዴን ዘርግቼ ቆምኩ። እትዬ ሜትሯን ከአንገቷ አውርዳ ትከሻዬን ለካች፣ ወገቤን ለካች፣ ሰማያዊውን ጨርቅ ጣል አድርጋብኝ ዙሪያዬን በስፒል ትወጋጋው ጀመር። ልብስ ሰፊ ሲለካ ያስፈራል፤ ትንፋሼን ይዤ ቆምኩ። ጎንበስ ብዬ ሳይ ግን ጠርዙ ጉልበቴን አልፎ ወርዷል።

«እትዬ፣ ረዘመ እኮ!»

«ታጥፎ ይሰፋል።» ስፒሎቹን በከንፈሯ ስለያዘች ድምጿ ታፍኗል። «ልጅ ያድጋል። ሲያጥራት ይፈታላታል።»

«ስንት ዓመት ነው የምትቆየው?»

«እግዜር የፈቀደውን ያህል።»

«እናቷስ?»

«የለችም።»

«እንደ እኔ!» አልኩ፣ ደስ ብሎኝ። ዛሬ ሳስበው አፍራለሁ፤ ግን እውነቴን ነው፣ በዚያ ዓመት እናት የሌላት ልጅ እኔ ብቻ ስለነበርኩ አንዲት ሌላ በመገኘቷ እፎይ አልኩ። «አባቷስ?»

እትዬ የለካችውን ጠርዝ እንደገና ትለካው ጀመር። «አባቷ ደግ ሰው ነው» አለች። «በጣም ደግ ሰው ነው። ሥራው ነው አላስቀምጥ ያለው።»

«የእኔም አባት እንደዚያ ነው» አልኳት።

ከዚያ በኋላ ደግሞ አልጋው መጣ። አባዬ የቀን ሥራውን ሲጨርስ ከጣሪያው የተረፈውን ጣውላ ይዞ እትዬ ጓሮ ይመጣና ፀሐይ እስክትጠልቅ ይላጋል። እኔና ፍንጭት ሰጋቱራ ውስጥ እንንከባለላለን። አንድ ቀን ጣውላውን መሬት ላይ አነጣጥፎ «ተኚ እስቲ» አለኝ።

«ለእህቷ ልጅ ነው?»

«እ… አዎ።»

ተኛሁ። ከአናቴ በላይ በእርሳስ አሰመረ። ከዚያ ከመስመሩ በላይ በእጁ ሁለት ስንዝር ቆጥሮ ሌላ መስመር አሰመረ። የአናጢ ልጅ ነኝና ዝም ማለት አልቻልኩም። «አባዬ፣ ተሳሳትክ። እኔ እዚህ ነኝ የማበቃው» ብዬ የመጀመሪያውን መስመር አሳየሁት። «ሁለት ስንዝር ታድጋለች» አለኝ። እርሳሱን ጆሮው ላይ ሰካና ወደ አጥሩ ዞሮ ብዙ ቆመ።

የገረመኝ ሌላም ነገር ነበር። የአባዬ አልጋዎች ሁሉ በቡሎን የሚያያዙ፣ ተፈታተው ጋሪ ላይ የሚጫኑ ናቸው። ተከራይ ሰው ነን፣ ቤት በለቀቅን ቁጥር አልጋችንን ፈታተን ተሸክመን እንሄዳለን። ይህን ግን እንጨት ለእንጨት አጣምሮ፣ ኮላ ቀብቶ፣ በእንጨት ሚስማር መትቶ ዘጋው።

«ቡሎኑስ?» አልኩት።

«ይሄ አይፈታም» አለኝ። «ከዚህ ቤት አይወጣም።»

ታድላ፣ ብዬ አሰብኩ።

እዚህ ላይ እውነቱን ልናገር። እትዬ እህት አልነበራትም። ልጅቷ እኔ ነኝ።

ይህን አባዬ የነገረኝ ሠላሳ አንድ ዓመቴ ላይ ነው። ልጄን ለመጀመሪያ ጊዜ ለሞግዚት ትቼ ሥራ ልገባ ስል በር ላይ ቆሜ ስነፋረቅ አየኝና ሊያጽናናኝ ብሎ ጀመረው። ማጽናናት አያውቅበትም። ሲጨርስ ሁለታችንም በር ላይ ቆመን እንነፋረቅ ነበር፤ ሞግዚቷ ሳትቀር።

ከሕንፃ ሕንፃ እየዞረ ነበር የሚሠራው። አንዳንዴ ይዞኝ ይሄድና የዘበኛ ቤት ውስጥ እንተኛለን፤ አንዳንዴ ጎረቤት ይተወኛል። የሰው ፊት እሳት ነው፤ ጎረቤት በመጀመሪያው ቀን ይስመኛል፣ በሦስተኛው ቀን የምጎርሰውን ይመለከታል። ይህን አባዬ ያውቅ ነበር፤ እኔ አላውቅም ነበር። መጋቢው ሁኔታችንን አይተው ከጉዞው በፊት ለእትዬ ጻፉላት። «እግዜር ሳይደግስ አይጣላም» አሉት አባዬን። «እሷ ልጅ የላት፣ ልጅቷ እናት የላት። ዓመት ዓመት እየመጣህ ታያታለህ።» አባዬም መጥቶ ቤቱን አየ፣ እትዬን አየ፣ ትምህርት ቤቱን በገዛ እጁ ጣሪያ አለበሰው። ጉድለት ፈልጎ አጣ። በአራተኛው ቀን ቃል ገባላት።

ለልጅቷ ማን ይንገራት በሚለው ላይ ግን ሦስቱም ፈሩ። በመጨረሻ መጋቢው መላ አመጡ። ልጅ እያየ መለየት ክፉ ነው፣ ስለዚህ በመሄጃችን ቀን እኔን ዳቦ ቤት ይልኩኛል። ዳቦ ቤቱ የከተማዋ ሌላ ጫፍ ነው። ዳቦዬን ታቅፌ ስመለስ አውቶቡሱ የለም፤ እትዬ በር ላይ ቆማ ትጠብቀኛለች፤ እሷ ትነግረኛለች። ክፋት አልነበረበትም። አዋቂ ሰው ሲፈራ የሚያመጣው መላ እንዲህ ያለ ነው።

እኔ ይህን ሁሉ ሳላውቅ ክፍሉን ለልጅቷ ሳሳምር ከረምኩ። ፍንጭት ታግዘኝ ነበር፤ ግን አንድ ነገር ሆናለች። በሆነው ባልሆነው ትስቃለች። ትራሷ በየት በኩል ይሁን ስላት አፏን በሁለት እጇ ይዛ ትንፈራገጣለች።

«ግድግዳው ላይ ምን ይለጠፍላት?» አለችኝ።

«እኔ ምን አውቃለሁ?»

«አንቺ ብትሆኚ?»

«እኔ ብሆን መርከብ።»

በማግስቱ ከየት እንዳመጣችው እንጃ፣ ከአሮጌ ቀን መቁጠሪያ የተቀደደ መርከብ ይዛ መጣች። እኔ ራሴ በኮላ ለጠፍኩላት።

የመሄጃችን ቀን ጠዋት ከተማዋ ሁሉ ትምህርት ቤቱ ግቢ ተሰበሰበች። አውቶቡሱ ታጥቦ ቆሟል። ዶሮም ሰውም ባየ ቁጥር ጡሩንባ ስለሚነፋ ጡሩንባው የምንለው ሾፌራችን ሻንጣ ጣሪያው ላይ ይጭናል። ልቤ ጮቤ ይረግጣል። ስሰናበት የመጀመሪያዬ ነው፤ እንዴት ደስ እንደሚል ማንም አልነገረኝም! አሥራ አራት ቀን ብቻ የሚያውቁኝ ልጆች ተሰልፈው ያለቅሱልኛል። አንዱ ብይ ሰጠኝ፤ አንዷ የፀጉር ማስያዣዋን ፈታ ሰጠችኝ፤ አንድ የስድስት ዓመት ልጅ «ስታድጊ አገባሻለሁ» ብሎ ሮጦ ተደበቀ። እኔም አለቀስኩ፤ ግን ደስ የሚል ለቅሶ ነው፣ በየመሃሉ ማን እንደቀረ እያየሁ።

የቀረችው ፍንጭት ናት። አንዲት ጠብታ የለም! ጥግ ላይ ቆማ ጥርሷን ታሳያለች። ሄጄ አቀፍኳት፤ ትከሻዬ ላይ ስትስቅ ተሰማኝ።

«አታለቅሺም?» አልኳት።

«ለምን?»

«እየሄድኩ ነዋ!»

«እሺ፣ በሰላም ግቢ» አለችና ሆዷን ይዛ ተቀመጠች።

ሆድ ባሰኝ። ሌላው ሁሉ ሲያለቅስ የልብ ጓደኛዬ ትስቃለች! ምስኪን ፍንጭት፤ ነግረዋት ነበር እኮ። ዴስኬን ከዴስኳ ጎን አስቀምጠውላት፣ «ከተነፈስሽ ወየውልሽ» ብለው አስምለዋት፣ ስድስት ቀን ሙሉ በዚያ ክፍት ጥርሷ ምስጢር ይዛ ኖራለች። ከዚያ ወዲያ እንደሷ ያለ ምስጢር ጠባቂ አላየሁም።

ከዚያ ጉባኤው ተጀመረ። የቡድናችን ደንብ ነው፤ ከጉዞ መልስ በፊት እያንዳንዱ እየተነሳ አንድ የሚወስደውን ነገርና አንድ የሚተወውን ነገር ይናገራል። ጡሩንባው «የምወስደው ሁለት የፈነዳ ጎማ፣ የምተወው ሰው የማይፈሩ ዶሮዎች» ብሎ አሳቀን። አብራን የመጣችው ነርስ የምትወስደው ዝማሬ፣ የምትተወው መነጽር ነበር። የአባዬ ተራ ደረሰ። ተነሳ። «የምወስደው…» አለና አቆመ። «የምተወው…» አለ። ዙሪያውን አየና ተቀመጠ። «አናጢ በመዶሻ እንጂ በአፉ አያውቅ!» አለ አንዱ፤ ሕዝቡ በሞቀ ጭብጨባ አለፈው።

መጋቢው መጽሐፋቸውን ሲዘጉ ዘልዬ ተነሳሁ። «እኔስ?»

«ጊዜ የለንም፣ ልጄ።»

«አሥራ ስድስት ነን ብለው የለ?»

ሰዉ ሳቀ። «ትናገር! ትናገር!» አሉ። የፈተንኩት ዴስክ ላይ ወጣሁ። ያለፈ ዴስክ ነው፤ አልተነቃነቀም።

«የምወስደው ብይና የፀጉር ማስያዣ ነው» አልኩ። «የምተወው ደግሞ መልእክት ነው። እትዬ ቤት ለምትመጣዋ ልጅ። እኔ ስለማልኖር ንገሩልኝ።»

እትዬ ከፊት አግዳሚው ላይ ተቀምጣ ነበር። ሁለት እጆቿን ጉልበቷ መሃል አስገባች።

«አንደኛ፣ የመስኮቱ መዝጊያ ወደ ላይ ካልተነሳ አይከፈትም። ሁለተኛ፣ ፍንጭት ገመድ ስትዘል ታጭበረብራለች፤ ግን ጥሩ ልጅ ናት፣ ዛሬ ብቻ ነው የከፋችው። ሦስተኛ…» ሦስተኛው ዋናው ስለነበር ድምፄን ከፍ አደረግሁ። «ሦስተኛ፣ መጀመሪያ ስትመጣ ታለቅሳለች። እኔም አልቅሻለሁ። አባቴ ጥሎኝ የሄደ መስሎኝ ነበር። ጠዋት ግን ከትምህርት ቤቱ የመዶሻ ድምፅ መጣ። የአባዬን መዶሻ አውቀዋለሁ፤ ሁለቴ ቀስ ብሎ ይመታና ሦስተኛውን ያጠብቀዋል። አለ ማለት ነው ብዬ ተነስቼ ፊቴን ታጠብኩ። እሷ ግን አባቷ አናጢ ይሁን አይሁን አላውቅም። ስለዚህ ቶሎ ካልመጣ፣ እትዬ ጠዋት ጠዋት የሆነ ነገር በመዶሻ ይምቱላት። ሁለቴ ቀስ አድርገው፣ ሦስተኛውን ጠበቅ። ትሰማና ዝም ትላለች። አበቃሁ።»

ጭብጨባው ግቢውን ሞላው። አንዳንዱ ሳቀ። እኔ ሁሉንም ፊት አየሁ፤ የአባዬን ብቻ አላየሁም፤ ጎንበስ ብሎ የጫማውን ክር ያስር ነበር። ብዙ ጊዜ አሰረው። እትዬ ደግሞ ቀና ብላ ጣሪያውን ታያለች። አዲስ ስለሆነ ነው ብዬ አለፍኩት።

መጋቢው ከዴስኩ በእጃቸው አወረዱኝ። «ጎሽ፣ ልጄ። በይ አሁን ሮጥ ብለሽ ለመንገዳችን ዳቦ አምጪልን። ፍንጭት ትሸኝሻለች።»

ለመንገዱ ዳቦ አምጪ መባል ቀላል ሹመት አይደለም። ፌስታሉን ይዘን ተፈተለክን። የሹራብ ሱቁን አልፈን፣ ድልድዩን ተሻግረን ስንሮጥ ከኋላችን የጫማ ድምፅ ሰማሁ። ዞር ስል አባዬ ነው።

አባዬ ሮጦ አያውቅም። ከባድ ሰው ነው፤ አውቶቡስ ሲያመልጠው እንኳ ቆሞ በሰላም ይሸኘዋል። አሁን ግን ሸሚዙ ከሱሪው ወጥቶ፣ እርሳሱ ከጆሮው ወድቆ፣ የመንገዱን መሃል ይዞ ይመጣል። «ቁሚ!» ይላል። ሊቀድመን ነው! ደስታዬ አናቴ ላይ ወጣ። እየጮኽኩ ፍጥነት ጨመርኩ። «ቁሚ! ቁሚ አልኩሽ!» እኔ ደግሞ ስሰማው ይብሳል፤ ሳቄ እግሬን እየያዘኝ እንኳ አልቆምኩም። ሰው ከሱቅ እየወጣ ያያል። አንድ ሽማግሌ «በርቺ!» አሉኝ። ልክ የዳቦ ቤቱን በር በእጄ ስነካ ከኋላ ኮሌታዬን ይዞ ወደ ራሱ ሳበኝና እዚያው ደረጃው ላይ ቁጭ አለ። ትንፋሹ ሊቆረጥ ነው። ላቡ ፊቱን ሁሉ አርሶታል፤ ላብ ነበር የመሰለኝ።

«ቀደምኩህ!» አልኩት።

«ቀደምሽኝ» አለ። «እግዜር ይመስገን ደረስኩብሽ።»

«ዳቦውስ?»

«ዳቦው ይቅር። እንሂድ። አብረን እንሂድ።»

ፍንጭት እኔንና እሱን ተራ በተራ አየች። «ጋሼ፣ እሷ እኮ…» ብላ ጀመረች። አባዬ ጭንቅላቱን ነቀነቀላት። ፌስታሉን መሬት ላይ ጥላ እየሮጠች ጠፋች። ሦስተኛ ስለወጣች ተናዳ ነው ብዬ አዘንኩላት።

ተመልሰን ስንደርስ ጡሩንባው ሞተር አስነስቷል፤ መጋቢው በሩ ላይ ቆመው ሰዓታቸውን ያያሉ፤ እኔን ሲያዩ ፊታቸው ተለዋወጠ። አባዬ ግን ቀጥታ ወደ እትዬ ሄደ። ከአውቶቡሱ ጀርባ ቆማ ነበር። ኮፍያውን አወለቀ። ቃል መብላት ምን ያህል እንደሚከብደው ዛሬ አውቃለሁ፤ አንድ ዴስክ በተባለው ቀን ካላስረከበ እንቅልፍ የማይወስደው ሰው ነው።

«እኔ…» አለ። «ቃል ገብቼልዎት ነበር…»

«ይተዉት» አለች እትዬ። ቀሚሷን ታራግፋለች፤ ምንም አልነበረበትም። «ሲሮጡ አይቼ ገባኝ።»

«ቀድሜው ነበር!» አልኩ እኔ መሃላቸው ገብቼ።

እትዬ አየችኝ። ልትቆጣው ትችል ነበር። አልጋ ተሠርቶ፣ ክፍል ተጠርጎ፣ ለርዕሰ መምህሩ ተነግሮ፣ ለጎረቤት ሁሉ ልጅ ላሳድግ ነው ተብሎ። አንዲት ክፉ ቃል ብትናገረው አባዬ አንገቱን ደፍቶ ይቀበላት ነበር፤ ምናልባትም ትቶኝ ይሄድ ነበር። እሷ ግን «አንቺን ማን ይቀድማል!» አለችና ጉንጬን ነካ አደረገች። «ቆይ፣ አንዴ ጠብቁኝ።»

በወረቀት የተጠቀለለ ነገር ይዛ ተመለሰች። ሰማያዊው ዩኒፎርም ነው። አቤት ያኔ የተሰማኝ!

«የእሷ አይደል እንዴ?»

«ለእሷ ሌላ እሰፋላታለሁ። ይሄ በአንቺ ልክ ነው የተሰፋው፤ ያንቺ ነው።»

እዚያው በልብሴ ላይ ደርቤ ለበስኩት። እትዬ መሬት ላይ ተንበርክካ ጠርዙን ዙሪያውን አስተካከለችና የውስጡን ስፌት ገልጣ አሳየችኝ። «ሲያጥርሽ ይህቺን ክር ሳቢያት፤ ትፈታለች። በመቀስ እንዳትነኪው።» ከዚያ አቀፈችኝ። በጣም ጠበቀብኝ፤ ግን ሥራዋን ስለጨረሰች ደስ ብሏት ነው ብዬ እኔም አጥብቄ አቀፍኳት።

ሁለቴ ፈታሁት፤ እስከ አሥራ ሁለት ዓመቴ ለበስኩት። በእነዚያ ዓመታት አራት ትምህርት ቤት ቀያይሬያለሁ፤ በአንዱም የዩኒፎርሙ ቀለም ሰማያዊ አልነበረም። ያደግሁት ሲሚንቶ ከረጢት መሃል ነው። እትዬ ብታሳድገኝ ፀጉሬ የተበጠረ፣ ሒሳቤም የተሻለ ይሆን ነበር፤ አልዋሽም። አባዬ ትክክል ነበር ወይ ብላችሁ ብትጠይቁኝ መልስ የለኝም፤ ደስ ያለኝ ግን እኔ ነኝ። በዓመቱ ይቅርታ ጠይቆ ጽፎላት ነበር። የመለሰችው ሁለት መስመር ነው። ጣሪያው ዝናብ አላስገባም፤ አልጋው ደህና ነው፣ ጨርቅ አስቀምጬበታለሁ የሚል። ያቺን ደብዳቤ ሳነብ የማለቅሰው አሁን ነው፤ ያኔ እጄን የማውለበልብለት ሰው ስለበዛ ለእሷ አላለቀስኩም።

አውቶቡሱ ተነቃነቀ። ጡሩንባው በሙሉ ኃይሉ ጡሩንባውን ነፋ። በመስኮት ወገቤ ድረስ ወጥቼ በሁለት እጄ አውለበለብኩ። ያን ጊዜ ፍንጭት ከአጥር ጀርባ ብቅ አለች። አፏን ከፍታ፣ ፊቷ ሁሉ እርጥብ ሆኖ፣ «አትሂጂ! አትሂጂ!» እያለች ከአውቶቡሱ ጎን ትሮጣለች። በመጨረሻ አለቀሰች! ከሁሉም በላይ አለቀሰች! ቂሜ ሁሉ ተነነ። «እወድሻለሁ!» ብዬ ጮኽኩላት፤ አቧራው እስኪሸፍናት ድረስ እጄን አላወረድኩም።

ከተማዋ ከኋላችን ስትቀር ተቀመጥኩ። አባዬ ከጎኔ ዝም ብሏል። ከፊታችን መጋቢው ዝም ብለዋል። እኔ ግን ዝም የምልበት አንጀት አልነበረኝም።

«አባዬ፣ ልጅቷ መቼ ነው የምትመጣው?»

«አትመጣም» አለ።

«እንዴ! ለምን?»

ወደ መስኮቱ ዞረ። «አባቷ እምቢ አለ።»

ብው አልኩ። እትዬን በር ላይ ቆማ ልጅ ስትጠብቅ አየኋት፤ ያ ሁሉ ጣውላ፣ ያ ሁሉ ኮላ፣ የእኔ መልእክት ሳይቀር! «እንዴት እምቢ ይላል? የራሷ አልጋ ተሠርቶላት? የራሷ ክፍል እያላት? ምን አለበት ቢለቃት? እንዴት ያለ ክፉ አባት ነው!»

አውቶቡሱ ሙሉ ሰማኝ። መጋቢው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ጡሩንባው በመስታወት ወደ ኋላ አየን።

«ክፉ ነው» አለ አባዬ።

«ለራሱ ብቻ የሚያስብ!»

«ለራሱ ብቻ ነው የሚያስበው» አለና ትከሻው ይንቀጠቀጥ ጀመር። እየሳቀ መሆን አለበት ብዬ ቀና ብዬ ሳየው ይስቃልም፣ ያለቅሳልም። በሁለት እጁ ሰብስቦ ደረቱ ላይ ለጠፈኝ። እኔ ግን ንዴቴ ገና አልበረደልኝም ነበርና፣ አዲሱን ዩኒፎርሜን አጨማደድክብኝ ብዬ እሱንም ተቆጣሁት።